የደንቡ ባለቤት፦ ነፃነትና ኃላፊነት በዋሽንግተን አካባቢ አጥቢያዎች

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢያቸው ያሉ ብዙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች ሁለት ሥርዐት አላቸው፦ አንዱ ቀኖና፣ ሌላው አባላት ያጸደቁት መተዳደሪያ ደንብ። ስለ እነርሱ ሲነገር የሲኖዶሱ መከፈል ጎልቶ ይወሳል፤ ደንቡ ግን ከባዕድ የተቀዳ ዓለማዊ ወረቀትና የጠብ ምንጭ ተደርጎ ይታለፋል። ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው። የምእመኑም የዜጋውም ነፃነት የሚፈተነው በዚሁ በተናቀው ሰነድ ላይ ነው።

ቨርጂኒያ ቶማስ ጀፈርሰን ያረቀቀውን የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1786 ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያም መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁምና አምልኮን እንዳይከለክል አገደ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ለነበረች ተቋም ይህ አዲስ ኑሮ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት የትኛው ፓትርያርክ ቀኖናዊ እንደሆነ አይበይንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1979 በጆንስና በዎልፍ ክርክር በሰጠው ውሳኔ ግን ዳኞች ወደ ዶግማ ሳይገቡ የባለቤትነት ሰነዱንና ደንቡን መርምረው በንብረት ላይ መፍረድ እንዲችሉ ፈቅዷል። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤትም ሌሎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያቀርቡትን ዓመታዊ መግለጫ ከአብያተ ክርስቲያናት አይጠይቅም። ስለዚህ ሙዳየ ምጽዋቱን፣ ወርኃዊ መዋጮውንና የሕንፃውን ዕዳ አባሉ ካልጠየቀ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

የደንቡ ጥንካሬ የሚለካው በጥቂት አንቀጾች ነው፦ በአመራሩ የሥራ ዘመን፣ በውጭ ኦዲተር፣ በቦርዱና በአስተዳዳሪው ካህን የሥልጣን ወሰን፣ ከሁሉም በላይ በምልዓተ ጉባኤ። በማኅበራት ደንብ የተለመደው አንቀጽ፣ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ሲቀር በሁለተኛው ጥሪ የተገኙት እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ይህ አንቀጽ ሥራ እንዳይቆም ይረዳል፤ ነገር ግን የመቶዎች ንብረት በጥቂቶች እጅ እንዲወሰን መንገድ ይከፍታል። ሕንፃ መግዛትን፣ መሸጥንና ደንብ ማሻሻልን ከዚህ አንቀጽ ያላገለለ ደንብ ቀሪው አባል በዝምታው እንዲፈርድ ያደርጋል። ዝምታውም ኋላ በፍርድ ቤት እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል።

የአባላት ጉባኤ ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንግዳ አይደለም። ቃለ ዓዋዲ የተባለው የ1965 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ አስቀምጧል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ምእመናን ነፃነትን በፍቅር ከማገልገል ጋር አያይዞ አስተምሯል። ሂሳብ ማሳየትና ሂሳብ መጠየቅ ከዚህ አገልግሎት ውጭ አይደሉም።

በዚህ መለኪያ ከልክ በላይ የተወደሰው ገለልተኝነት ነው። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ሲኖዶስ ለሁለት ሲከፈል ከሁለቱም ገለልተኛ ሆኖ መቆየት ለብዙ አጥቢያ የሰላም መጠጊያ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቁ እዚያው ዋሽንግተን ሲፈጸም ግን የገለልተኝነቱ ምክንያት ሳሳ። ለጳጳስ የማይታዘዝ፣ ለአባላቱም የማይጠየቅ ቦርድ ያተረፈው ሥልጣን ብቻ ነው። ምስጋናው የሚገባው ከረጅም የሥራ ሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤ ለሚጽፉ፣ ደረሰኝ ለሚቆጥሩና በጉባኤ ፊት ቆመው ለጥያቄ መልስ ለሚሰጡ ምእመናን ነው። የስደቱን ቤተ ክርስቲያን ያጸኑት እነርሱ ናቸው።

ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭም ያገለግላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ከንቲባ የላትም፤ የምትተዳደረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ነው። አሌክሳንድሪያ ግን ከካውንቲ ውጭ ያለች ራሷን የቻለች ከተማ ስትሆን ከንቲባዋንና ምክር ቤቷን ትመርጣለች። በአጥቢያው በጀት መመርመርን የለመደ ምእመን በሁለቱም ዘንድ የትምህርት ቤትና የመንገድ በጀት ሲቀርብ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ስለዚህ ደንቡ አረጋውያን በሚያነቡት አማርኛና እዚያ የተወለዱ ልጆች በሚያነቡት እንግሊዝኛ መዘጋጀት፣ አዲስ አባልም ከመፈረሙ በፊት በእጁ መግባት አለበት። ዓመታዊው ሂሳብ ከጉባኤው ቀን ቀደም ብሎ ሲታደል፣ ታላላቅ ውሳኔዎችም ከፍ ያለ ምልዓተ ጉባኤ ሲጠበቅላቸው፣ ነፃነቱ ከኃላፊነቱ ጋር በአባሉ እጅ ይሆናል።