የአምባገነኖች የልጅነት ፎቶግራፍና የሐኪም ዓይን

የአምባገነን መሪዎችን የልጅነት ፎቶግራፍ ደርድሮ «ክፋቱ ያኔም ከፊቱ ያስታውቅ ነበር» ማለት የተለመደ ነው። ልማዱ ተራ ጨዋታ ቢመስልም መነሻው ከሕክምና ሙያ የራቀ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮሶ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በተፈጥሮው ወንጀለኛ የሆነ ሰው በመንጋጋውና በጆሮው ቅርጽ እንደሚለይ አስተምሯል። ትምህርቱ ውድቅ ቢሆንም አመለካከቱ ግን አልጠፋም።

የሂትለር የጨቅላነት ፎቶግራፍ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ከማሳየት አያልፍም። በዓይኑ ውስጥ ጭካኔ አየሁ የሚል ተመልካች ያየው ኋላ የተፈጸመውን ነው። ልጁን በአካል ያወቀ ሐኪም ግን ነበር። የሊንዝ ከተማው አይሁዳዊ ሐኪም ኤድዋርድ ብሎኽ እ.ኤ.አ. በ1907 በጡት ካንሰር የሞተችውን የሂትለርን እናት አክሟል። በ1941 አሜሪካ ተሰድዶ ሳለ ባሳተመው ትዝታ፣ የ18 ዓመቱን ወጣት ጨዋና ዝምተኛ፣ በእናቱ ሞት ክፉኛ ያዘነ ሲል ገልጾታል። ብሎኽ አልተሳሳተም፤ ያየውን ነው የመሰከረው። ከዚህ የተሻለ ክሊኒካዊ ምስክርነት ማግኘት ያስቸግራል፤ ትንበያ ግን አልወጣውም።

በኢትዮጵያም ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥዕሎች ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሚያዝያ 1969 በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ ሲሰብሩ የሚያሳየውን ነው። ስለ ልጅነታቸው የሚወራው በአብዛኛው ስለ ቆዳቸው ቀለምና ስለ ወላጆቻቸው ዘር ነው። ይህ የዘር ንቀት እንጂ ትንተና አይባልም። በታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በሰነድና በምስክር እንጂ በመልካቸው አልነበረም። የሠለጠኑት ከቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ በሚገኘው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ነው፤ በጥር 1969 የተገደሉት የደርግ ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲም እዚያው ሠልጥነዋል። ሁለቱን በእጩ መኮንንነታቸው ፎቶግራፍ አይቶ ማን ገዳይ ማን ሟች እንደሚሆን ሊለይ የሚችል የለም።

ሐኪም ፊት አይመለከትም ማለት አይደለም። ዳውን ሲንድሮም ወይም የታይሮይድ እጥረት በሕፃን ፊት ላይ ምልክቱን ያሳያል፤ ምልክቱም በላቦራቶሪ ይረጋገጣል። ጠባይ ግን እንዲህ ያለ ምርመራ የለውም።

ጉዳዩ ከታሪክ ይልቅ የሚያሳስበው በዛሬው የካርድ ክፍል ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙ እናቶች ለፋብሪካና ለአበባ እርሻ ፈረቃ ሲወጡ ልጆቻቸው በጎረቤት እጅ ይውላሉ። ጤና ጣቢያ የሚደርሰው የሚናከስ፣ የሚማታ፣ ዓይኑን ከሰው የሚሸሽ ልጅ «ፊቱን እዩት፣ ይህ ክፉ ነው» ተብሎ ይቀርባል። መስማቱ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት መሆኑ፣ መደብደቡና መራቡ ሳይመረመር ካርዱ ላይ «አስቸጋሪ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ቀጣዩ ባለሙያ ከልጁ በፊት የሚያነበው ያችን ቃል ነው።