«ጋዝ» የምንለው የትኛውን ነው? በአንድ የነዳጅ ስያሜዎች ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

በቅርቡ ለአስተያየት የደረሰን አንድ የስያሜ ረቂቅ፣ ስለ ጋዝ ነዳጆች ጠባይና ስለ ታዳሽ ነዳጆች መሠረተ ሐሳብ የሚያወሱ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰ ነው። አዘጋጆቹ እንደ ደከሙበት ከገጽ ገጽ ይታያል፤ በተቻላቸው መጠን ከግዕዝና ከሕዝቡ አነጋገር ለመቅዳት መሞከራቸውም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ረቂቁ አሁን ባለበት መልክ ተርጓሚዎች እጅ ቢገባ ጉዳት ያደርሳል ብለን ስለምናምን፣ ቅሬታችንን ሳንሸፋፍን ለማቅረብ ወደናል። ጉዳት ስንል የቋንቋ ውበት መጓደልን ማለታችን አይደለም። እነዚህ ቃላት በመጨረሻ የሚሰፍሩት ከምድጃ አጠገብ በሚለጠፍ የጥንቃቄ መመሪያ ላይ ነውና።

ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቃል ነው። ረቂቁ «ጋዝ ነዳጅ»ን «ከአየር የቀለለና በእሳት የሚያያዝ ነገር» ሲል ይፈታዋል። «ጋዝ» የሚለውን ቃል ግን ለብቻው አልፈታውም፤ የታወቀ ነው ብሎ አልፎታል። በእርግጥም የታወቀ ነው፤ የታወቀው ግን በሌላ ፍቹ ነው። አንዲት እናት ልጇን «ሂድና ጋዝ ገዝተህ ና» ብትለው ልጁ ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ይዞ ይወጣል እንጂ ሲሊንደር አይሸከምም። ይዞ የሚመለሰውም ላምባ፣ ማለት ነጭ ጋዝ ነው፤ ይህም ፈሳሽ ነው። አማርኛ በዚህ ብቻውን አይደለም። የግብፅ ዐረብኛም ላምባን «ጋዝ» ይለዋል፤ አሜሪካውያንም ቤንዚንን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ስለዚህ ሕዝቡ ተሳስቷል ለማለት አይቻልም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ተግባር ሁለቱን ፍች በቁጥር ለይቶ ማስፈርና የሙያው ፍች የትኛው እንደሆነ ማመልከት ነው። ይህ ባለመደረጉ በረቂቁ ውስጥ «የጋዝ ምድጃ» የሚለው ሐረግ የላምባውን ይሁን የሲሊንደሩን ምድጃ የሚያመለክት ለመለየት አልቻልንም።

«ጋዝ»ን ትቶ በ«አየር» ወይም በ«ተን» መተካት ይሻላል የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። አየር ግን የብዙ ጋዞች ድብልቅ ነው፤ ተንም ፈሳሽ ሲተን የሚሰጠው ነው። ደግሞም ባዕድ ነው ተብሎ የሚከሰሰው ቃል በአውሮፓም ቢሆን ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፍሌሚሹ ሐኪምና የኬሚስትሪ ሊቅ ያን ባፕቲስት ፋን ሄልሞንት «ካኦስ» ከሚለው የግሪክ ቃል አስመስሎ የፈጠረው ስያሜ ነው፤ ቃሉንም ከሰል ሲነድና መጠጥ ሲፈላ ለሚወጣው ነገር ሰጥቶታል። ይኸውም ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው፣ በጠላና በጠጅ ጋን አፍ ላይ ሲንተከተክ የምናየው ነው። እንግዲህ ቃሉ እዚያም እንግዳ ሆኖ ገብቶ በአገልግሎት ብዛት ቤተኛ የሆነ ነውና፣ እኛ ዘንድም ይኑር ባይ ነን።

ወደ ፍቹ እንመለስና፣ «ከአየር የቀለለ» የሚለው አባባል ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። የአየርን ጥግግት 1 ብንል የሚቴን 0.55 ያህል ነው፤ ስለዚህም ሚቴን ወደ ላይ ይወጣል። የፕሮፔን ግን 1.5፣ የቡቴን ደግሞ 2 ያህል ነው። በየማድ ቤቱ ሲሊንደር ውስጥ ያለውም ሚቴን ሳይሆን የእነዚህ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ይህ ጋዝ ሲያፈተልክ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ከአልጋ ሥር፣ ከቦይ፣ ከጉድጓድ ይጠራቀማል። ረቂቁን አምኖ መመሪያ የሚተረጉም ሰው «ጋዝ ሲሸትህ የላይኛውን መስኮት ክፈት» ብሎ ቢጽፍ ከፍቹ አንጻር አልተሳሳተም፤ መመሪያውን ያነበበው ሰው ግን ጋዙ በእግሩ ሥር እንደ ተኛ ክብሪት ሊጭር ይችላል። ፍች ከአንድ ምሳሌ ተነሥቶ ለመላው ወገን ሲሰጥ የሚያመጣው ጣጣ ይህን ያህል ነው።

የሲሊንደሩን ጋዝ ረቂቁ «የፈሰሰ ጋዝ» ይለዋል። አዘጋጆቹ ያሰቡት ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ ለማለት እንደሆነ ይገባናል፤ ነገር ግን «ፈሰሰ» በአማርኛ ከዕቃው ወጥቶ መበተንን ያመለክታል። «በሲሊንደሩ ውስጥ የፈሰሰ ጋዝ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው አደጋ ደርሷል ብሎ ቢሮጥ አይፈረድበትም። «ቡታጋዝ»ም አያዋጣም፤ ከፈረንሣይ የንግድ ስም የመጣው ይህ ቃል በከተሞቻችን በክር ለሚነደው የላምባ ምድጃ ጭምር ስም ሆኗል። እኛ በሙያ ጽሑፍ «ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ የፔትሮሊየም ጋዝ»፣ ለሕዝብ በሚቀርብ መመሪያ ደግሞ «የሲሊንደር ጋዝ» ቢባል እንመርጣለን። «የታመቀ ጋዝ» ግን ለሌላ ይቆይ። ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ፣ ቡቴን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ያደርጋቸዋል፤ ሚቴን ግን በመደበኛ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ያህል ካልቀዘቀዘ ፈሳሽ አይሆንምና፣ በተሽከርካሪ ታንክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በጋዝነቱ እንደ ታመቀ ነው። ሁለቱ ይዞታዎች ሁለት ስም ይሻሉ።

ስለ ሙቀት የተሰጡት ስያሜዎችም መታረም አለባቸው። አንድ ኪሎ ግራም ወይም አንድ ሜትር ኩብ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚሰጠውን ሙቀት ረቂቁ «የሙቀት መጠን» ብሎታል። የአየር ጠባይ ዘገባ የሚያዳምጥ ሁሉ «የሙቀት መጠን» ሲባል በዲግሪ የሚለካውን ይረዳል። «የቃጠሎ ሙቀት» ቢባል ይበቃል። ከቃጠሎው የሚወጣው የውሃ ተን ወደ ውሃ ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት ሲታሰብ «ላዕላይ»፣ ሳይታሰብ ሲቀር «ታሕታይ» የቃጠሎ ሙቀት ማለት ይቻላል፤ ለሚቴን የመጀመሪያው በኪሎ ግራም 55፣ ሁለተኛው 50 ሜጋ ጁል ያህል ነው። እዚህ ላይ ግዕዙ በሚገባ ያገለግላል።

«የመቀጣጠያ ነጥብ» ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንዲሸከም ተደርጓል። አንዱ ፈሳሽ ነዳጅ ከውጭ በመጣ ብልጭታ ለመያዝ የሚበቃ ተን የሚሰጥበት ዝቅተኛ መጠነ ሙቀት ነው፤ ሌላው ያለ ብልጭታ በራሱ የሚነድበት ነው። ለላምባ የመጀመሪያው ከ38 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሁለተኛው ከ200 ዲግሪ ያልፋል። የቤንዚን የመጀመሪያው ነጥብ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ያወቀ፣ ላምባ ላይ ቤንዚን መቀላቀል ምን እንደሚያመጣ ይረዳል። «ብልጭታ ተቀባይ ነጥብ» እና «በራስ መንደጃ ነጥብ» የሚሉትን ለውይይት እናቀርባለን። በነገራችን ላይ፣ ጋዝ ሲያፈተልክ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የሚጨመረውን የሚከረፋ ነገር ረቂቁ «ጠረን ማጥፊያ» ማለቱን የጽሕፈት ግድፈት ነው ብለን ልናልፈው እንወዳለን።

ወደ ታዳሽ ነዳጆች ስንሻገር፣ «የሥነ ሕይወት ነዳጅ» የሚለው ስያሜ ያጋጥመናል። ሥነ ሕይወት የትምህርት ስም ነው፤ ከትምህርት ደግሞ ነዳጅ አይወጣም። «የዕፀዋት ነዳጅ» እንዳንል የእንስሳት ስብና እበትም ይገኙበታል። «ውሃ ወለድ በሽታ» እንደምንለው «ሕይወት ወለድ ነዳጅ» ብንል ከቋንቋው ሥርዓት ጋር ይስማማል። አንድ መሰናክል ግን አለ፤ ድንጋይ ከሰልና ፔትሮሊየምም ከጥንት ሕያዋን ቅሪት የተገኙ ናቸው። ልዩነቱ የዘመን ነው፤ አንዱ በሚሊዮን ዓመታት የተከማቸ፣ ሌላው ካለፈው ዓመት ምርት የተገኘ ነው። ስለዚህ ፍቹ «በቅርብ ጊዜ ከኖሩ» የሚሉትን ቃላት የግድ መያዝ አለበት።

በዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት አንዳንድ ቃላት ከወዲሁ ተለምደዋል፤ እነሱን ማወክ አያስፈልግም። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ ሲጀምር ሕዝቡ «ኢታኖል»ን ተቀብሏል፤ ረቂቁ በ«አልኮል» መተካቱ መጠጡንም የቁስል ማጽጃውንም ይቀሰቅሳል። «ባዮጋዝ»ም እንዲሁ ይቆይ። የሚመረትበትን ጉድጓድ ግን «መበስበሻ» ከማለት «ማብላያ» ማለት ይሻላል። በሜዳ የተጣለ እበትም ይበሰብሳል፤ ባዮጋዝ የሚሰጠው ግን ኦክስጅን በሌለበት ሲብላላ ብቻ ነው። ባዮጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሚቴን፣ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሆኑ ጥግግቱ ከአየር ጋር እምብዛም አይራራቅም። «ከአየር የቀለለ» የሚለው ፍች እዚህም አይረዳም ማለት ነው።

«ታዳሽ» ጥሩ ቃል ነው። ሆኖም ረቂቁ ማገዶንና ከሰልን ያለ ምንም ገደብ በታዳሽነት መመደቡ አላስደሰተንም፤ የተቆረጠው ዛፍ ካልተተካ ነዳጁ አልታደሰም። ከሰልን ካነሣን ዘንድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን «የከሰል ጢስ» ብሎ መመለስ በፍጹም ሊጸና አይገባም። ጢስ ይታያል፤ ዓይን ያስለቅሳል፤ ይህ ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ብዙ ሰው ከሰሉን በደጅ አቀጣጥሎ፣ ጢሱ ሲያልቅለት ደኅና ነው ብሎ ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባው አደጋውን ከጢሱ ጋር ስለሚያያይዘው ነው፤ የረቂቁ ስያሜም ይህንኑ እምነት ያጸናለታል። በበኩላችን የምናቀርበው ፍች የሚከተለው ነው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ስም፤ ከሰል፣ እንጨት ወይም ሌላ ነዳጅ በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ፣ ራሱም ሊነድ የሚችል፣ የማይታይና የማይሸት መርዛም ጋዝ፤ ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ካቆመ በኋላም ይወጣል።