በለድ፦ ቤቱ ታድሷል፣ ምግቡስ የማን ነው?

ጅዳ የምትኖሩ እህቶች በለድን ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ፎቶ ተነስታችሁበታል፤ ያ የእንጨት መስኮት ከኋላ ሲሆን ሰው ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ከበለድ ተመልሳችሁ ስለ ቤቶቹ ብቻ ካወራችሁ ግማሹን ትታችሁታል ባይ ነኝ። ሌላው ግማሽ የሚበላው ነው፤ የኔም ወቀሳ እሱ ላይ ነው።

ስለ ቤቶቹ ባጭሩ ልበል። ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፣ በየመሀሉ እንጨት እየገባ። ሮሻን የሚሉት ወጣ ያለ መስኮት ነፋስ ያስገባል፣ ውስጥ ያለችውን ሴት ግን ለውጭ ሰው አያሳይም። ምጽዋን ያየ ሰው ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። ናሲፍ ቤት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1881 ያለቀ ሲሆን ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1925 ጅዳን ሲይዙ ያረፉት እዚያ ነው። የከተማው ግንብ ግን በ1947 ፈርሷል። በዚህ በዚህ ሐረር ትበልጣለች፣ ጀጎል እስከ ዛሬ ቆሟል። ዩኔስኮ በለድን በ2014 ሲመዘግበው «ታሪካዊት ጅዳ፣ የመካ በር» ብሎ ነው።

ይህን «የመካ በር» የሚለውን ስም ያዙልኝ። በር ከሆነ ሰው ይገባበታል ማለት ነው። ከሊፋ ዑስማን በ647 ጅዳን የመካ ወደብ ካደረጓት ጀምሮ ሐጃጁ በመርከብ ሲመጣባት ኖሯል። ከመጣው ሁሉ የተመለሰ አይደለም፤ የቀረም አለ። የቀረው ደግሞ የአገሩን ምግብ አልረሳም። ዛሬ በየሰፈሩ የምንበላው ቡኻሪ ሩዝ ከቡኻራና ከቱርኪስታን የመጡ ሰዎች ምግብ ነው፤ ብዙዎቹ የሩሲያን አገዛዝ ሸሽተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ማንቱም የእነሱ ነው። ተሚስ የአፍጋኖች ዳቦ ነው። ሙጠበቅ ደግሞ አለ፤ ሊጡን እንደ ነጠላ እስኪሳሳ ይዘረጉና እንቁላልና ሥጋ ጠቅልለው ይጠብሱታል። እኔ የኛን ፈጢራ መሰለኝ። አብራኝ የምትሠራው ኢንዶኔዥያዊት ግን «ማርታባክ ነው፣ የኛ ነው» ብላ ድርቅ አለችብኝ። የመናዊው ጠባሽ ቢሰማን ደግሞ ሁለታችንንም ያባርረን ነበር።

እንግዲህ ስለ ጣዕሙ ልናገር። ሙጠበቁ ጥሩ ነው፣ ትኩሱን ከበላችሁት። ከቀዘቀዘ ዘይቱ አፍ ላይ ይቀራል። በሊላ፣ በሊላ እያሉ የሚያወሩለት ንፍሮ ነው፣ በቃ። የሽምብራ ንፍሮ ላይ ከሙንና ኮምጣጤ አድርገው፣ ኮምጣጤ የጠጣ አትክልት ይጨምሩበታል። አገር ቤት ንፍሮ ለለቅሶ ቤት እንደሚቀቀል ስነግራት ያቺ ጓደኛዬ መብላቷን ልታቆም ነበር። ኮምጣጤው በዝቷል እላለሁ። ሱብያ ከገብስ የሚሠራ የረመዳን መጠጥ ነው፤ የወሎ ልጅ ስትቀምሰው ቀሪቦ ትዝ ይላታል። ግን ስኳሩ በዝቶ ገብሱን ውጦታል። ቀሪቦ ይበልጣል፣ ስለ አገሬ ብዬ አይደለም።

አሁን ወደ ወቀሳዬ። በታደሱት ቤቶች ደጃፍ ሰሌዳ አለ፤ ማን ሠራው፣ የትኛው ነጋዴ ኖረበት የሚለውን ይነግራል። ስለ በሊላው፣ ስለ ሙጠበቁ፣ ከየት መጥቶ ማን እዚህ እንዳደረሰው የሚል ሰሌዳ እኔ በሄድኩበት ቀን አላየሁም። ድንጋዩ ታሪክ ሆነ፣ ምጣዱ ግን ሆድ መሙያ ብቻ ተባለ። አንድ ካፌ ገብቼ የቡናውን ዝርዝር አየሁ፤ «ይርጋጨፌ» ይላል፣ 20 ሪያል። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋኝ። ቡናችን የተወለደበት ቦታ ስም ተጽፎለት ይሸጣል። እንጀራ የምትጋግር እህታችን ግን በስልክ፣ በሹክሹክታ ነው የምትሸጠው። አሥር ዓመት የሰውን ወጥ ቤት ያሞቀች ሴት ስሟ የትም የለም።

ክርስቲያን እህቶቼ መካ መግባት ስለማይፈቀድላቸው የምኖርበትን ሚስፈላን በወሬ ላሳያቸው። ከሐረም በስተደቡብ ነው። ስሙ ታችኛው ማለት ነው፣ ላይኛው መዕላ ይባላል። ኢብራሂም አል-ኸሊል መንገድ ላይ የፓኪስታኑ፣ የቤንጋሉ፣ የኢንዶኔዥያው ምግብ ቤት ጎን ለጎን ነው። ሐጃጁ የአገሩን ሽታ ተከትሎ ይገባል። ዳቦና ምስር በትንሽ ብር ትጠግባላችሁ፤ ለኔ ከበለድ ይጥማል። እዚህ ግን የተጠበቀ አሮጌ ቤት አትፈልጉ። አሁን የሰዓቱ ማማ ያለበት ቦታ የቱርኮች የአጅያድ ምሽግ ነበረ፤ በ2002 ፈረሰ። አጠገባችን ያለው የበርማዎች ሰፈር ናካሳም በቅርብ ዓመታት ፈርሷል። ሰፈሩ ሲሄድ አብሳዩም ይሄዳል። ስለዚህ በለድ ላይ ቤቱ ኖሮ ምግቡ ስም አጣ፤ እዚህ ምግቡ እያለ ቤቱ ጠፋ።

«እኛ ሠርተን ለምንሄድ ሰዎች ቅርስ ምን ያደርግልናል?» ያለችኝ እህት አለች። ቡኻራዎቹም ሲመጡ እንግዳ ነበሩ። አሁን ሳዑዲዎቹ ራሳቸው ቡኻሪን የኛ ምግብ ይሉታል። እኛ ከየሰው ወጥ ቤት ካልወጣን ማን ምግባችንን ያውቀዋል? በሕጉ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን አለን፤ በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኛ ደንብም ይለው ነበር። የኔ የቀድሞ ማዳም «የት ልትሄጂ ነው?» ብላ ነበር የምትጀምረው፤ ያችን ቀን ለማግኘት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል።

ቀኑን ያገኛችሁ በለድ የምትሄዱት ከዐሱር በኋላ ይሁን፣ ቀን ሙቀቱ አያስቆምም። በሊላ ሻጩን «ኸል ቀሊል» በሉት፣ ኮምጣጤውን ይቀንስላችኋል። ሚጥሚጣ በቦርሳችሁ ያዙ። እኔ ስጨምርበት ሻጩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ትንሽ ሰጠሁት፣ አስነጠሰውና ደግሞ እጁን ዘረጋ።