«ዘመን» ሲበዛበት

ከከሚሴ ወጣ ብላችሁ የጨፋን ሸለቆ ወደሚያዋስኑት ተራሮች ቀና በሉ። የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት በአብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በኦሊጎሲን ኢፖክ፣ በሴኖዞይክ ኢራ፣ በፋኔሮዞይክ ኢዮን። በአማርኛ ሲጻፍ ግን ሦስቱም ብዙ ጊዜ «ዘመን» ይሆናሉ። ይሄማ ቀበሌንም ክልልንም «ቦታ» ብሎ እንደ መጥራት ነው! ኦሊጎሲን የቆየው 11 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ ፋኔሮዞይክ ከ539 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ዛሬም አላለቀም።

ኢዮን ከግሪኩ «አይኦን» የመጣ ነው፤ ዕድሜ ማለት ነበር፣ ኋላ ዘላለምም ሆነ። የግዕዝ ተርጓሚዎች «ዓለም» ብለውታል፤ «ለዓለመ ዓለም» ስንል የምንናገረው ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ምድር አይደለም። ቆንጆ ነበር፤ ግን ዛሬ «ፋኔሮዞይክ ዓለም» ቢባል ማን ጊዜ ነው ብሎ ይረዳል? እኔ ብሆን ኢዮንን እንዳለ እተወዋለሁ፤ «ዘመን» ለኢራ ብቻ ይሁን።