ሸሽታም መሰከረች

የማቴዎስን ወንጌል በአንድ ቁጭታ ያነበበ ሰው መደናቀፉ አይቀርም። ምዕራፍ 5 ላይ የምእመናን ብርሃን በሰው ፊት እንዲበራ ይታዘዛል። ምዕራፍ 6 ደግሞ ጽድቅን ለታይታ ማድረግን ይከለክላል። ምዕራፍ 10 ላይ ይብሳል፦ ስደት ሲመጣ ሽሹ የሚለው ትእዛዝ ቁጥር 23 ላይ፣ በሰው ፊት ለሚክድ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ቁጥር 33 ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ይኸው ነው። ታዲያ እንታይ ወይስ እንሰወር? እንሽሽ ወይስ እንቁም?

የጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ ለእንዲህ ያለው ነገር የታወቀ መላ አለው፤ «አንድም»። መምህሩ ቃሉን ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ያክላል፤ የፊተኛውን ግን አይሰርዝም። ለእነዚህ ጥቅሶች ጥሩ «አንድም» ያገኘሁት ግን ከትርጓሜ መጽሐፍ ሳይሆን ከገድል ነው።

ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 በግእዝ ጻፈው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወለተ ጴጥሮስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብሉና አቡነ ስምዖን በ1617 ሲገደሉ፣ ባሏን ጥላ መነኮሰች።

ደራሲው ሽሽቷን አይደብቅም፤ እኔን የገረመኝም ይኸው ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደ ግንብ ባቆማት ነበር። እዚህ ግን ትሸሻለች፣ ዋልድባ ትገባለች፣ በሸሸችበት ታስተምራለች። ተይዛ ንጉሡ ችሎት ስትቀርብ አትክድም፤ ዠበይ ተግዛ ሦስት ዓመት ትቀመጣለች። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተራ ይዘው ይፈጸማሉ። ገድሉ ስለ ግጭቱ አይከራከርም፤ ይተርከዋል። መሸሽ መካድ እንዳልሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

ግእዙም ያግዘናል። «ሰማዕት» የሚለው ቃል የወጣው «ሰምዐ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሰማ ማለት ነው። ምስክር የሰማውን ሲጠየቅ ይናገራል እንጂ መድረክ አያሳድድም። በዚህ ዓይን ምዕራፍ 5 እና 6ም ይታረቃሉ፦ በፊተኛው ምስጋናው ለአብ ይሄዳል፣ በኋለኛው ለአድራጊው። ጥያቄው መታየት አለመታየቱ አይደለም፤ ክብሩ የማን ነው፣ ዋጋውንስ ማን ከፈለ ነው። ለጥምቀት ከማራኪ መጥቶ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ነጠላውን አስተካክሎ ፎቶ የሚለጥፍ ወጣት አጠፋ እያልኩ አይደለም። ፎቶው ግን ምንም አላስከፈለውም፤ ምስክርነት ብለን ለመጥራት አንቸኩል።

ገድሉ የሚያንሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ፋሲለደስም ነገሡ። በ1638 አጋታንጌሎና ካሲያን የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት እምነታቸውን አንለውጥም ብለው ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። ሮም በ1905 ብፁዓን አለቻቸው። ክብሩ የማን ነው፣ ዋጋውን ማን ከፈለ ብለን ብንጠይቅ እነሱም ሚዛኑን ያልፋሉ። ገላውዴዎስ ግን የጻፈው ከዚያ 34 ዓመት በኋላ ሆኖ ሳለ ፈረንጆቹን የሚያያቸው እንደ አሳዳጅ ነው። የእሱ ወገን ቁስል ገና ትኩስ ስለነበር አልፈርድበትም፤ የዛሬ አንባቢ ግን እዚያው ሊቆም አይገባም።

ከሁለት ጥቅሶች ግጭት ይልቅ የሚከብደው የሁለት ምስክሮች ግጭት ነው። የእኛው ሰማዕት የሌላው ከሃዲ ነው፤ የሌላውም ሰማዕት ለእኛ እንዲሁ። ጥቅስ ሲጋጭብን በትዕግሥት «አንድም» የምንል ሰዎች፣ ሰው ሲጋጭብን ለምን በአንድ ፍች ብቻ እንቆማለን?