የሐንሰን መታሰቢያና የካሪ ስም

ለአንድ ስመ ጥር ተመራማሪ ክብር ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ተመልካቹ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕውቀቱ የተገኘው በማን ገላ ላይ ነው የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የኖርዌዩን ሐኪም የጌርሃርድ አርማወር ሐንሰንን መታሰቢያዎች ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። ስሙ በአዲስ አበባ የምርምር ተቋም ይጠራበታል፤ ከኩታበር ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዘመን ሲታከሙ ኖረዋል።

ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው በ1873 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። በ1879 ሐንሰን ሐሳቡን ለማጽናት ሲል ከሌላ ሕመምተኛ እባጭ በወሰደው ነገር የካሪ ኒልስዳተር ስፒድሶንን ዓይን ያለ ፈቃዷ ወጋ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880ም ከሆስፒታሉ ሐኪምነት ተሻረ።

በርገን ከተማ ሁለት መታሰቢያ አላት። አንደኛው ሐንሰን በሕይወት ሳለ በ1901 የቆመለት ሐውልት ነው። ሁለተኛው በቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል በ1970 የተከፈተው ሙዚየም ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን በዚያ ሆስፒታል ያረፉት በ1946 ነበር። ሐውልቱ የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሕሙማን የኖሩበትን ቤት ጠብቆ ማሳየት ግን ከሐውልቱ ይልቅ እውነተኛ ነው ብለን እንፈርዳለን።

የካሪን ስም ማንሳት የሐንሰንን ክብር ይቀንሳል የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን አንስማማም። ካሪ የነበረባት እባጭ የማያወጣው ዓይነት ደዌ ነበር፤ ሐንሰን የጠበቀው እባጭም አልታየባትም። አንድ ሙከራ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ይሁን እንጂ የደዌው መልክ በሕመምተኛው የመከላከል ኃይል እንደሚወሰን በኋላ ታውቋል፤ ኃይሉ ሲበረታ ባክቴሪያው ያንሳል፣ ሲደክም ይበዛል። በሐንሰን ስም የተሰየመው ተቋም በ1970 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ ቶሬ ጎዳልና ባልደረባው በ1973 ባወጡት ጥናት፣ ከሕሙማን ጋር ከቆዩ ጤነኞች የብዙዎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያውን ለይተው እንደሚያውቁት አሳዩ። ተሐዋሲው ደርሶባቸዋል፤ ደዌው ግን አልያዛቸውም። እንግዲህ የካሪ ገላ የሰጠው መልስ ከንቱ ሙከራ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ቁም ነገር አለው። በገጠራችን ሥጋ ደዌ የዘር ነው እየተባለ ጋብቻ ሲፈርስ፣ ታሞ የዳነም ሰው ከማኅበር ሲገለል ኖሯል። ማይክሮስኮፕና ፎቶግራፍ ብቻ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ይህን ፍርሃት አያስወግደውም። የአብዛኛው ሰው ገላ ደዌውን እንደሚቋቋም፣ የታመመውም በመድኃኒት እንደሚድን ለባላገሩ በሚገባ ቋንቋ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ በአገራችን ለሐንሰን ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሁሉ የ1873ን ግኝትና የ1880ን ፍርድ ጎን ለጎን እንዲያኖር እንመክራለን። ግኝቱ በፍርዱ አይሰረዝም፤ ፍርዱም በግኝቱ አይሸፈንም። የሐንሰን ስም በትልቁ ሲጻፍ የካሪም ስም በዚያው ልክ ይጻፍ።