በሰዓት ሆድ ውስጥ ያለው ሩቢ

በእጅ የሚሞላ ሰዓት ጀርባው ሲከፈት ቀያይ ነጥቦች ብልጭ ይላሉ። ሩቢ ናቸው፤ ግን ለጌጥ አልተቀመጡም።

የጥርሳም መዘውሮቹ ቀጫጭን ዘንጎች ያለ ዕረፍት ይሽከረከራሉ። የተቀመጡት በብረት ላይ ቢሆን ቀዳዳው ቶሎ ይበላ ነበር። ሩቢ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 9 ነው፣ አልማዝ 10። በደንብ ሲወለወል ሰበቃውን ይቀንሳል፤ ጠብታ ዘይትም ይዞ ያቆያል። ድንጋዩን ለሰዓት የመብሳቱ ጥበብ በለንደን የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1704 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄትን በነበልባል አቅልጦ ሩቢ መሥራቱን አስታወቀ፤ ዛሬ በሰዓት ውስጥ የሚገባውም እንዲህ ያለው ነው። ሰው ሠራሹን ሐሰተኛ ማለት ትልቅ በደል ነው፤ ይዘቱም አወቃቀሩም ከማዕድኑ ጋር አንድ ነው።

ለተለመደ የእጅ ሰዓት 17 ድንጋይ ይበቃል። ከሁሉ የሚደንቁት የሰዓቱን ምት የሚቆጣጠረውን የሚዛን መዘውር የተሸከሙት ናቸው፤ በብዙ ዘመናዊ ሰዓቶች ይህ መዘውር በሰዓት 28,800 ጊዜ ይወዛወዛል።